ጠጠር ፍለጋ ወደ ፈረንሳይ

ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው። የልጄ ወዳጅ ፍራንክፈርት ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ካለው ቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ ጀርመንን ከዳር እስከ ዳር ቢያካልል እንቅፋት አይመታውም፤ መንገዱ ሁሉ የተነጠፈ ነው። እሱ ግን ዓመት ጠብቆ፣ ፈቃድ ወስዶ፣ ብስክሌቱን ባቡር ላይ ጭኖ ፈረንሳይ ገጠር ይሄዳል። ምን ፍለጋ? ጠጠር ፍለጋ። ፈረንሳዮቹ በእርሻው መሐል፣ በቦዩ ዳር፣ በጫካው ውስጥ ጠጠር ብቻ የፈሰሰበት የብስክሌት መንገድ አላቸው አሉ፤ እሱ ይህን መንገድ እየዞረ ይነዳዋል።

"ከሁሉ ደስ የሚለው ደግሞ መኪና የሚባል አለመኖሩ ነው" አለኝ አንድ ቀን፣ ዓይኑ እያበራ። መኪና ሠርተው ዓለምን ያጥለቀለቁት እነሱ፤ ከመኪና ሸሽተው ሰው አገር የሚሰደዱትም እነሱ። እኔ ስሰደድ ቢያንስ ምክንያት ነበረኝ።

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ብስክሌት የሚነዳው ጉዳይ ያለው ሰው ነው። ወፍጮ ቤት ስላክ እህሉን ከኋላ ጭኜ፣ ታናሽ እህቴን ከፊት አስቀምጬ፣ ቀሚሴን ሰንሰለቱ እንዳይበላው ሰብስቤ ነበር የምሄደው። የልጁ ብስክሌት ዕቃ መጫኛ የለው፣ ጭቃ መከላከያ የለው፣ ደወል የለው። ምን ትጭንበታለህ ብዬ ብጠይቀው "ምንም" አለኝ። ምንም! ኮረኮንች መንገድንም ቢሆን አውቀዋለሁ። ወደ አጎቴ አገር የሚወስደው መንገድ ኮረኮንች ነበር፤ ከአውቶቡስ የሚወርደው ሰው ሁሉ ወገቡን ይዞ ነው የሚወርደው። አስፋልት የለበሰ ጊዜ አሮጊት ሳይቀር በእልልታ ወጥቶ ተቀበለው። ያኔ አንዱ ተነሥቶ "ፈረንጆች ይህን ጠጠር እየናፈቁ ያለቅሳሉ" ቢላቸው ጠበል ይወስዱት ነበር።

እንግዲህ ልጁን ንቄው ነበር ማለቴ ነው። ቢሆንም ልጄን እንዲያገባት እፈልግ ነበር፤ ከእሱ ጋር ስትሆን ትስቃለች፣ እሷ ደግሞ እንደ ልቧ የምትስቅ ልጅ አልነበረችም። አባቷ የሞተው ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው። ከምንኖርበት ከኡንተርሊደርባህ ብዙ በማይርቅ አልተንሃይም፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት፣ የሰው እናትና አባት እያጠብኩ ብቻዬን አሳደግኳት። ዛሬ ኦስትኤንድ ሰፈር ቢሮ ትሠራለች፤ እዚያው አካባቢ የራሷ ቤት አላት። የጋብቻ ነገር ሲነሣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ ሽማግሌ ይላክ አልኩ። አባት የላትም፣ ወንድም የላትም ተብላ ከመንገድ ላይ እንደተነሣች እንዳትቆጠርብኝ።

"እማዬ፣ እዚህ እኮ እንደዚህ አይደረግም" አለችኝ። "ሽታንደስአምት ቴርሚን እንይዛለን፣ እንፈራረማለን፣ ፈርቲሽ!" የጋብቻ መዝገብ ቤት ቀጠሮ ይዘን፣ ፈርመን፣ አለቀ ማለቷ ነው።

"ቴርሚን ለጥርስ ሐኪም ነው። ልጅ የምትጠየቀው በሽማግሌ ነው።"

ሳቀች፤ ግን እሺ አለች። ወጉን ቁጭ ብዬ አስተማርኳት። ሽማግሌ ከሦስት አያንስም፣ ጠዋት ነው የሚመጣው። ተቀመጥ ቢባል አይቀመጥም፤ የመጣበትን ጉዳይ ቆሞ ይናገራል። ከተናገረ በኋላ "በሉ ተቀመጡ" ከተባለ ነገሩ ሠምሯል ማለት ነው። ልጄ ሁሉንም ለልጁ ነገረችው። የመጀመሪያ ቀን የመጣ ሽማግሌ እሺ እንደማይባል ግን አልነገርኳትም። ይህም ይነገራል? ሽማግሌ የሚመለሰው ደግሞ እንዲመጣ ነው፤ እኛ አገር ይህን ሕፃን ያውቀዋል።

በሰኔ አንድ እሑድ መጡ። ከቅዳሴ ቀርቼ ስጠብቅ የበሩ ደወል በተባለው ደቂቃ ጮኸ። የልጁ አባት ነው፣ ወንድሙን ከሌላ ከተማ አስመጥቷል፣ አንድ ጎረቤቱንም ጨምሯል። ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። አባትዬው ረጅም፣ ጉልበቱን የሚያመው ጡረተኛ ነው፤ ሦስት ፎቅ ወጥቶ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ተቀመጡ አልኳቸው።

"የለም፣ ቆመን ነው የምንናገረው" አለ አባትዬው፤ ዋናው ሽማግሌ እሱ ነው።

ልቤ ጮቤ ረገጠ። ልጄን ለልጁ ጠየቀ፤ እጆቹን አጣምሮ፣ ቃሉን እንዳይስት እየተጠነቀቀ፣ ልክ በቤተ ክርስቲያን እንደሚነበብ አድርጎ። ልጄ ወጥ ቤት ውስጥ ናት፤ የተጠየቀች ልጅ አትታይምና በሩ ተዘግቷል። የእኔ አባት እኔን ሊጠይቁ የመጡትን ሁለት ጊዜ መልሷቸዋል፤ በሦስተኛው ነው የሰጠው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይል ነበር። እኔም ፊቴን ጭምድድ አድርጌ፣ ባለኝ ጥሩ ጀርመንኛ "ሰምቻችኋለሁ። ግን አይሆንም። ታላቅ ወንድሜን ሳላማክር ልጄን አልሰጥም" አልኳቸው። አባቴን የሆንኩ መሰለኝ። ደስ አለኝ።

ሽማግሌው ከዚያ ጎንበስ ብሎ "ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ" አለኝ። ሽማግሌ ሲመለስ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ፈረንጅ ነው ብዬ አለፍኩት። ደረጃውን ሲወርዱ አንዱ ሌላውን ደግፎት ነበር። ልጄ ከወጥ ቤት ወጣች፤ ፊቷ ነጭ ሆኗል፣ ቀና ብላ አታየኝም፤ ቦርሳዋን ይዛ ሄደች። አገር ቤት የተጠየቀች ልጅ ታፍራለች። አፈረች ብዬ ደስታዬ እጥፍ ሆነ።

ያንኑ ቀን ባሕር ዳር ደውዬ ለወንድሜ ነገርኩት። "እሰይ! በሁለተኛው እሺ በያቸው፤ የሰው አገር ሰዎች ናቸው፣ አታንገላቻቸው" አለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ደረጃውን ጭምር ከላይ እስከ ታች ወለወልኩት። ዶሮው ተሠራ። ማንም አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጡም። ዶሮውን አልተንሃይም ወስጄ ለሥራ ባልደረቦቼ አበላሁ፤ ምን በዓል ነው ሲሉኝ ሌላ ጨመርኩላቸው።

ንቀቴ ያኔ ነው የባሰው። አንድ ጊዜ ብቻ መጥተው ደከማቸው! ያ ልጅ ለማንም ለምንም በማይረባ ነገር ቀኑን ሙሉ ጠጠር ላይ ሲንከባለል ይውላል፤ እኔን ለመለመን ግን ሦስት ፎቅ ሁለተኛ መውጣት አቃተው። ለጠጠሩ ዓመት ይጠብቃል፣ ለልጄ ሳምንት አልጠበቀም። ደውዬ "ምነው ቀራችሁ?" እንዳልል ደግሞ ወግ ያዘኝ። የሴት ወገን ሽማግሌ አይጣራም። ይህን ያደረገ ሰው በዘሬ የለም፣ በጎረቤቴም አልሰማሁም። ልጄ መምጣት አቆመች። ስደውልላት በጀርመንኛ ብቻ ትመልሳለች። "አሌስ ጉት፣ ማማ" ትላለች፤ ሁሉም ደህና ነው ማለቷ ነው። እማዬ ማለት ቀረ። እኔም ያ ጠጠረኛ አሳፍሯት ነው ብዬ በሆዴ ረገምኩት።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በሐምሌ መጨረሻ አንድ ቀን መጣች፤ ጃኬቷን እንኳ አላወለቀችም። ቤቷን ልትለቅ ነው። ልጁ ፍራይቡርግ ሥራ አግኝቷል፤ ፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ነው፣ ጠጠሩም ቅርብ ነው፤ አብራው ልትሄድ ነው።

"ሳትጋቡ?" አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። እንዲህ ዓይነት አስተያየት ከልጄ አይቼ አላውቅም። "ማማ፣ ቢተ" አለች፤ እባክሽ ማለቷ ነው። በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ልጄ ልትሄድ ነው፤ ሳትጠየቅ፣ ሳትመረቅ፣ በጀርመንኛ እየመለሰችልኝ። ፍራይቡርግ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ባቡር አለ። እንዲህ ሆና ከሄደች ግን ባቡር አይመልሳትም።

በዚያው ሳምንት ልጁ ራሱ ደወለልኝ። ከመሄዳቸው በፊት ለሁለት ቀን ፈረንሳይ አብረን እንድንሄድ ነው፤ አባቱም ይመጣል። "ብስክሌት እንደሚነዱ ነግራኛለች" አለ። ገባኝ ብዬ አሰብኩ። ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው መንገድ ላይ ሊጠይቁኝ ነው። ነውር ነው፣ ግን ካለመጠየቅ ይሻላል። ከአልተንሃይም ፈቃድ ወሰድኩ። ዳቦ ቆሎ ጠበስኩ። ነጠላዬን አጥቤ፣ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ሲጠይቁኝ በወጉ ልለብሰው።

ፈረንሳይ ስንደርስ ለእኔና ለሽማግሌው ባትሪ ያለው ብስክሌት ተከራይተውልናል። ባሕር ዳር ላደገ ሰው ባትሪ! ሽማግሌው ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ታይት ለብሷል። አባትና ልጅ ታይት ለብሰው ጎን ለጎን ቆመው ሳይ ዓይኔን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ልጁ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ዘገነና ጣቶቹ መሐል እያሸ አሳየኝ። "እንዴት ያለ ደቃቅ ጠጠር እንደሆነ ተመልከቱ" አለ። ተመለከትኩ። ጠጠር ነው።

መንገዱ ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር አሉ። ባቡር ነበራቸው፣ ነቀሉት፣ ጠጠር አፈሰሱበት፣ አሁን ሰው ሊያየው ይመጣል። ገጠር የሚሉት ነገር ደግሞ ሰው የለበትም። እኛ አገር ገጠር ውስጥ አንድ መታጠፊያ ሳትደርስ ስንቱን "እንደምን ዋላችሁ" ብለህ፣ የስንቱን ከብት ጤና ጠይቀህ ነው። እዚህ መስኮቱ ሁሉ ተከርችሟል፣ ዳቦ ቤቱ ዝግ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተቆልፏል። የሱፍ አበባው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፣ ላሞቹ ጠባቂ የላቸውም። የሚያጋጥመን ሰው ሁሉ እንደኛው ታይት የለበሰ መንገደኛ ነው፤ "ቦንዡር" ብሎ አቧራውን ለቆብን ያልፋል። መቀመጫዬ ነደደ። ልጄ ገና ከመነሻው ከልጁ ጋር ፊት ፊት ሄደች፤ ጀርባዋን ነው የማየው። ከዚያ ጀርባዋም ጠፋ።

ከአንድ ዋርካ ከሚያህል ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ነበር። ሽማግሌው ጉልበቱን ያዝ አድርጎ እንረፍ አለኝ። ሰዓቱ ደረሰ አልኩ በልቤ። ብስክሌቱን አስደግፌ ቦርሳዬን ከፈትኩ፤ ዳቦ ቆሎውን አወጣሁ፣ ነጠላዬን ላወጣ እጄን ከተትኩ። ቀና ስል ሽማግሌው ተቀምጧል። እግሩን ዘርግቶ፣ ተደላድሎ ተቀምጧል። ቆሞ አልጠየቀኝም። እንደማይጠይቀኝ ያኔ አወቅኩ።

ንዴቴ ሞልቶ ፈሰሰ። "ሁለተኛ ለመምጣት ምን አነሣችሁ?" አልኩት። "ልጄ ለአንድ ጊዜ መንገድ ብቻ ነው የምትበቃው? ለዚህ ለከንቱ ጠጠር ስንት አገር የምታቋርጡ ሰዎች፣ የእኔ ደረጃ ራቃችሁ?"

ሽማግሌው የዘገነውን ዳቦ ቆሎ እንደያዘ ቀረ። "እርስዎ አይሆንም አሉን እኮ" አለ።

"አዎ፣ አልኩ!"

"እኛ ዘንድ አይሆንም የተባለ ሰው ተመልሶ በር አያንኳኳም። ነውር ነው። ልጄ ብቻውን መጥቶ ሊለምንዎት ፈልጎ ነበር። የከለከለችው ልጅዎ ናት።"

"የእኔ ልጅ?"

"አዎ። እናቴ ያላሰበችውን አትናገርም፤ አይሆንም ካለች አይሆንም ነው አለችው። ያን ቀን መኪና ውስጥ ከኋላችን ተቀምጣ እስክንደርስ ድረስ አለቀሰች።"

ሞኞች ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ይህ ሰው በወጉ መጥቶ፣ በወጉ ቆሞ፣ ላቡን እያፈሰሰ የተማረውን ሁሉ ፈጽሞ ሄዷል። እኔ ነኝ ግማሹን ብቻ ያስተማርኩት። ልጄ ወጥ ቤት ውስጥ ሆና የሰማችው እናቷ የምትወደውን ሰው ስትከለክላት ነው። ያፈረች የመሰለኝ ያ ነው። እሷስ የት ታውቃለች? ፍራንክፈርት ነው ያደገችው፤ ሽማግሌ ሲመለስ አይታ አታውቅ።

ነገርኩት። መጀመሪያ አይሆንም እንደሚባል፣ አባቴ ሁለት ጊዜ እንደመለሰ፣ ወንድሜ እሰይ እንዳለ፣ ዶሮው እንደተሠራ ሁሉ። ሽማግሌው ሄልሜቱን አወለቀ።

"ማለት… እየጠበቁን ነበር?"

"ደረጃውን ሳይቀር እየወለወልኩ!"

አንድ ጊዜ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ከዚያ የወንበሩን ጫፍ ይዞ ሊነሣ ሞከረ። "እንግዲያው አሁን ልጠይቅዎ" አለ፣ ጉልበቱ እምቢ እያለው።

"ይቀመጡ" አልኩት። "እርስዎ ድርሻዎን ጨርሰዋል።"

ባትሪውን የመጨረሻው ላይ አድርጌ ነዳሁ። ያ ደቃቅ ነው የተባለው ጠጠር ጥርሴን ያንገጫግጨዋል፣ ዓይኔ አቧራ ገብቶበት ያለቅሳል፣ አቧራ ብቻ እንኳ አልነበረም። የምሄድበት ቦታ ስላለኝ ነው መሰለኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ብስክሌት መንዳት እንደ ድሮው ሆነልኝ። ለመንገዱ ግን አንዲት የምስጋና ቃል የለኝም፤ አስፋልት ቢሆን ኖሮ በግማሽ ጊዜ እደርስ ነበር።

ምሳ እንበላለን የተባለው ቦታ ድሮ የባቡር ጣቢያ የነበረ ቡና ቤት ነው። ልጄና ልጁ ደጅ ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። ልጁ ሲያየኝ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበልኝ። አልተቀመጥኩም። ነጠላዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ አቧራዬን እንኳ ሳላራግፍ ለበስኩት፤ ሄልሜቱ ጭንቅላቴ ላይ መሆኑን ረስቼዋለሁ። አጠገባችን ያሉት ፈረንሳዮች መብላት አቁመው ያዩኛል።

"ማማ፣ ዜትስ ዲህ" አለች ልጄ፣ ሰው እንዳያየን አፍራ። ቁጭ በይ ማለቷ ነው።

"አልቀመጥም" አልኳት በአማርኛ። "ጉዳይ አለኝ፤ ቆሜ ነው የምናገረው።"

እጇ ብርጭቆው ላይ እንዳለ ቀረ። ወጉን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ቆሞ የሚናገር ሰው ምን እንደሆነ ታውቃለች። ሴት ወገን ቆሞ እንደማይናገርም ታውቃለች።

"ሽማግሌ መልሻለሁ" አልኩ። "የመለስኩት ደግመው እንዲመጡ ነው። እኛ አገር መጀመሪያ እሺ አይባልም፤ ይህን ሳልነግርሽ ቀረሁ። እነሱ እንዳይመጡ ሆነዋልና እኔው መጣሁ። ልጄን ለዚህ ልጅ ብሰጥ ትቀበሉኛላችሁ ወይ ብዬ ነው።"

ልጁ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ምን እንደተባለ አልገባውም፤ እሷም አልተረጎመችለትም። ከኋላዬ ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ሽማግሌው ደርሷል። ብስክሌቱን አስደግፎ፣ እያነከሰ መጥቶ ወንበር ሳይፈልግ ከጎኔ ቆመ። ታይት ለብሶ፣ እጆቹን አጣምሮ፣ እንደዚያ እሑድ።

"ሁለት ወር ሙሉ፣ እማዬ" አለች ልጄ። በአማርኛ ነው ያለችው። ልትቆጣኝ ነው፣ ልታለቅስ ነው፣ አላወቅኩም። ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምኩ። ከዚህ በኋላ የሚባለውን መናገር የእሷ ነው፤ ይህንንም አስተምሬያታለሁ።

በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። ሽማግሌውን አየች፣ እኔን አየች፣ ሄልሜቴንም አየች።

"በሉ ተቀመጡ" አለች።

ተቀመጥን። ወንበሩ እንኳ የቆመው ጠጠር ላይ ነበር።